የሚንቀሳቀስ ሥዕልና የሠዓሊዎቹ ድካም

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ማታ ከመሥሪያ ቤት ተመልሳችሁ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን በቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ከቀለምና ከወረቀት የተፈጠረ ጀግና ባሕር ሲሻገር፥ ከአውሬ ጋር ሲታገል፥ ከገደል አፋፍ ሲተርፍ እያዩ እራታቸውን ይረሳሉ። ይህን ጀግና ማን ሣለው? በምን ብልሃትስ አስነሥቶ አስኬደው? ብሎ የሚጠይቅ ግን ከልጆቹም ከወላጆቹም ጥቂት ነው። ዛሬ የዚህን ሙያ ታሪክ ባጭሩ እንመለከታለን። ነገሩ የባዕድ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ መነሻችን ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ የሚባለው አገር ይሁን።

ይህ አገር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስሙ የተጠራ ነው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባ ሁለቱም በጋይንት ይገኛሉ። በዚህ አገርና በጠቅላላው በጎንደር በኩል ካሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት በብዙዎቹ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሉም ዝም ብሎ የተበታተነ አይደለም፤ በረድፍ በረድፍ ተከፍሎ ታሪክ ይናገራል። ከእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር የግዕዝ ጽሑፍ አለ፤ ትርጓሜውም «እንዴት እንዲህ እንደ ሆነ» ማለት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ እንዴት እንደ ተገረፈ፥ እንዴት እንደ ተፈጨ፥ እንዴት እንደ ተነሣ፥ እንዴት ዘንዶውን እንደ ወጋ፥ ተመልካቹ ዓይኑን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያሻገረ ይከተላል።

የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ታሪኩ ረጅም ነው። ሠዓሊው ግን ግድግዳው ስለማይበቃው ከታሪኩ ውስጥ ጥቂት ቅጽበቶችን ይመርጣል። በመጀመሪያ በላዔ ሰብእ ሰው ሲበላ፤ ቀጥሎ ለተጠማው ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፤ በመጨረሻ ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ፥ ከበላቸው ከ78ቱ ነፍሳት ይልቅ ጥርኝ ውሃዋ ስትከብድ ያሳያል። በነዚህ ሥዕሎች መካከል የቀረውን መንገድ፥ ክርክሩን፥ ልመናውን የሚሞላው ማን ነው? ታሪኩን የሚተርከው መምህርና የሚሰማው ሰው ናቸው። እንግዲህ ይህን «በሁለት ሥዕል መካከል» ያለውን ባዶ ቦታ ልብ በሉ፤ የሙያው ምሥጢር ሁሉ እዚያ ነው።

የአባቶቻችን ሠዓሊዎች ሌላም ሕግ ነበራቸው። መልካሙን ሰው ሁለት ዓይኖቹ እንዲታዩ ፊት ለፊት፥ ክፉውን ሰው ግን በአንድ ዓይን፥ በጎን ይሥሉታል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስንኳ ገና ሲያይ የትኛው ወዳጅ፥ የትኛው ጠላት እንደ ሆነ ያውቃል። ሥራውም የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ሸማው በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፥ ነጭ ልስን ይቀባል፥ መምህሩ መልኩን ያወጣል፥ ደቀ መዛሙርቱ ቀለሙን ይሞላሉ፤ በመጨረሻም ጥቁሩ መሥመር ይሰመርና ሥዕሉ ዓይን ይገልጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ ያሠራው መኰንን ወይም ወይዘሮ ከሥዕሉ ግርጌ ሰግደው ይሣላሉ፥ ስማቸውም ይጻፋል። የሠዓሊው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

ይህ ጥበብ በሃያኛው መቶ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወርዶ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ገባ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸማ ላይ፥ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ከፍሎ የሚተርከውን ሥዕል ያላየ የከተማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጎጃም ከቢቸና የተነሡት ቄስ አዳሙ ተስፋው እንዲህ ካሉት ሠዓሊዎች አንዱ ሲሆኑ፥ ሥራቸው በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2005 በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ለብቻው በኤግዚቢሽን ታይቶላቸዋል።

አሁን ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር። በዚያ ያሉት ሠዓሊዎች የተመኙት፥ የእኛ ሠዓሊዎች ለተራኪው የተዉትን መካከለኛ ቦታ በሥዕል መሙላት ነበር። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1908 ኤሚል ኮል የተባለ ፈረንሳዊ 700 ያህል ሥዕሎችን በወረቀት ሥሎ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ፊልም አወጣ። በ1914 ደግሞ ኧርል ኸርድ የተባለ አሜሪካዊ ድካሙን የሚያቃልል ዘዴ አገኘ፤ ይኸውም ሰውየውን ሴል በሚባል ብርሃን አሳላፊ ስስ ገጽ ላይ መሣል ነው። ተራራውና ቤቱ አንድ ጊዜ በወረቀት ይሣላል፤ የሚንቀሳቀሰው ሰው ብቻ በሴል ላይ እየተለዋወጠ ከላዩ ይደረባል። የሴሉ አሠራር የሚያስደንቅ ነው። ጥቁሩ መሥመር ከፊት በኩል ይሰመራል፥ ቀለሙ ግን ከጀርባ ይቀባል፤ ስለዚህ ቀለሙ መሥመሩን አያበላሸውም።

በነዚያ ስቱዲዮዎች ውስጥም ሥራው በማዕርግ የተከፋፈለ ነበር። ዋናው ሠዓሊ ቁልፍ የሆኑትን ቅጽበቶች ብቻ ይሥላል፦ እጁ ሲነሣ፥ እጁ ሲያርፍ። በሁለቱ መካከል ያሉትን ሥዕሎች ረዳቶች ይሞላሉ። መሥመሩን ወደ ሴል የሚገለብጡትና ቀለሙን የሚቀቡት በብዙ ስቱዲዮዎች ሴቶች ነበሩ፤ ስማቸውም በፊልሙ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም ነበር። አንባቢ ሆይ፥ የጋይንቱን ደቀ መዝሙር አያስታውስዎትምን?

ቴሌቪዥን ሲመጣ ችግር ተፈጠረ። ፊልም በሰኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ ይህም በደቂቃ 1,440፥ በ25 ደቂቃ 36,000 ይሆናል። አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ እየተነሣ ቢሠራበት ስንኳ 18,000 ሥዕል ያስፈልጋል። ይህን በየሳምንቱ ሥሎ የሚያደርስ ማን ነው? ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉት፥ ቀድሞ «ቶምና ጄሪን» ለሲኒማ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች፥ በ1957 በኤውሮጳ አቆጣጠር የራሳቸውን ስቱዲዮ አቁመው መልስ ሰጡ። መልሱም ሥዕሉን መቀነስ ነው። የሚናገረው ሰው አፉ ብቻ ይንቀሳቀስ፤ ሌላው አካሉ ይቁም አሉ። ዮጊ የተባለው ድብ ከረባት የታሰረለት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ራሱ ከአካሉ የሚለይበትን ቦታ ከረባቱ ይሸፍናል፤ በዚህም ምክንያት አካሉን አንድ ጊዜ ሥሎ ራሱን ብቻ እየለዋወጡ ማናገር ይቻላል። እኛም በየመሥሪያ ቤቱ ከረባት አስረን ከአንገት በላይ ብቻ የምንንቀሳቀስበት ቀን ስላለ ይህን ብልሃት መረዳት አያስቸግረንም።

በጃፓንም ኦሳሙ ቴዙካ «አቶም» የተባለውን የብረት ልጅ ታሪክ ታኅሣሥ 23 ቀን 1955 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ሲጀምር፥ በዚሁ ዓይነት ቁጠባ ሠርቷል፤ አንድ ጊዜ የተሣለውንም አስቀምጦ በሌላ ክፍል ደግሞ ይጠቀምበት ነበር።

ለጀብዱ ታሪክ ግን ይህ ቁጠባ አስቸጋሪ ነው። ድብ ቢንገዳገድ ያስቃል፤ ሰው እንደ ሰው ካልሮጠ ግን ማንም አያምነውም። ዳግ ዋይልዲ የተባለው የሥዕል መጽሔት ሠዓሊ «ጆኒ ክዌስት» የተባለውን፥ ከሳይንቲስት አባቱ ጋር ዓለምን የሚዞረውን ልጅ ታሪክ የሣለው ይህን ችግር በመጋፈጥ ነበር። ፊትን በጥቁር ጥላ ከፈለ፤ ጥላው እንቅስቃሴው ያጎደለውን ክብደት ሰጠ። ሥራው መታየት የጀመረው መስከረም 8 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረውም በዚያው ዓመት ጥቅምት 23 ቀን መሆኑ የሚያስገርም ነው። «ጆኒ ክዌስት» 26 ክፍል ብቻ ከተሠራለት በኋላ ወጪው ስለ በዛ ቆመ፤ የተሠራው ግን ለብዙ ዓመታት ተደጋግሞ ታይቷል።

ከነዚህ ሥራዎች የተሣሉት ሴሎች ምን ሆኑ? በአንዳንድ ስቱዲዮ እየታጠቡ ደግመው ተሠራባቸው፤ በሌላው ተጣሉ። ፊልሙ ቀረ፥ የእጅ ሥራው ጠፋ።

ዛሬ ኮምፒዩተር የሴሉን ቦታ ወስዷል። የእኛም ልጆች በሙያው ገብተዋል። አዲስ አበባ ተወልዶ በኒውዮርክ የሚሠራው ዕዝራ ውቤ በ2011 በኤውሮጳ አቆጣጠር «ሒሳብ» የተባለውን አጭር ፊልም ሠርቷል። ታሪኩ ሁላችንም የምናውቀው የታክሲ ቀልድ ነው፦ አህያ ሒሳቧን ስለ ከፈለች መኪና ሲመጣ አትሸሽም፤ ፍየል ሳትከፍል ስለ ወረደች ትሸሻለች፤ ውሻ መልሱን ስላልተቀበለ ያባርራል። ዕዝራ ሥዕሉን በቀለም ይሥላል፥ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፥ ከዚያም በዚያው ሸራ ላይ ቀጣዩን ደርቦ ይሥላል። የፊተኛው ሥዕል በኋለኛው ሥር ይቀበራል። በአዲስ አበባም ብሩክታዊት ጥጋቡ ካቋቋሙት ድርጅት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ከተባለው የአሻንጉሊት ዝግጅት ቀጥሎ «ጥበብ ገርልስ» የተባለው የካርቱን ታሪክ ወጥቷል፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የመሳሰለውን ጐጂ ልማድ ይዋጉበታል። ዘንዶውን የሚወጋው ፈረሰኛ ዛሬ በልጃገረድ መልክ መጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው? ታሪክን በሥዕል ከፍሎ መተረክ ለእኛ እንግዳ ጥበብ አይደለም። እንግዳ የሆነብን የሠሩትን ሰዎች ስም መጠበቅ ነው። ብዙዎቻችሁ በተወለዳችሁበት ደብር ለጣራው ቆርቆሮ ታዋጣላችሁ፤ መልካም ታደርጋላችሁ። ነገር ግን በዚያው እድሳት አሮጌው ሥዕል በአዲስ ቀለም ሲሸፈን ወይም በማተሚያ ቤት ሥዕል ሲተካ ዝም ትላላችሁ። ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሥዕሉ በፎቶግራፍ ተነሥቷልን? የሣለውንስ ሰው ስም የሚያስታውስ ሽማግሌ አለን? ካለ ጻፉት። መዝገብ መያዝ ከማንም ይልቅ የእናንተ ሙያ ነው።

በቤትም ልጃችሁ የደብተሩን ኅዳግ በሥዕል ቢሞላ ለቁጣ አትቸኩሉ። ሌላ ወረቀት ስጡትና «ከዚህ ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለተኛውን ሥዕል ሲሥል፥ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ማሰብ ይጀምራል። በሥዕሉም ግርጌ ስሙን ይጻፍ።