የመጨረሻው ቃል ከክልሉ ሲወጣ፦ የይግባኝና የሰበር ውሳኔዎች ለወላይታ ጠበቆች ያላቸው ትርጉም

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ለረጅም ጊዜ የክልል ጠበቆች ዋና መመሪያ ሆነው ቆይተዋል። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ከወጣ ወዲህ ግን በክልል ጉዳይ የፌዴራሉን ሰበር መጠየቅ ጠቧል። ይህ መጣጥፍ የለውጡን ትርጉም ከወላይታ ዞን የዕለት ተዕለት ክርክሮች አንጻር ይመረምራል። ሁለት ነገሮችንም ይሟገታል፦ የይግባኝ ዕጣ የሚወሰነው በወረዳ ፍርድ ቤት ጭብጥ ሲያዝ ነው፤ የመጨረሻው ቃል በክልል የሚቀር ከሆነ ደግሞ ቃሉ ታትሞ ሊነበብ ይገባል።

1. መግቢያ

የወላይታ ሕዝበ ውሳኔ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በድጋሚ ተካሄደ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በይፋ ተመሠረተ፤ ወላይታ ሶዶ የአስተዳደሩ ማዕከል ሆነች። አዲስ ክልል ማለት አዲስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማለት ነው። ይህ የሆነው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ የሰበርን ሥልጣን እንደ አዲስ በደነገገ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሁለቱ ክስተቶች ታስቦባቸው አልተገጣጠሙም፤ የሶዶ ጠበቃ የሰበር አቤቱታ ሲያዘጋጅ ግን ሁለቱም በአንድነት ይጠብቁታል።

ለውጡን አሳሳቢ የሚያደርገው የክርክሮቹ ዓይነት ነው። ወላይታ ከአገሪቱ ሕዝብ በብዛት ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ይዞታ የተለመደ ነው። አንድ የእንሰት ረድፍ ወደ ጎረቤት ማሳ ሲገፋ የቤተሰቡ ጉርሻ አብሮ ይነካል። የገጠር መሬት፣ የቤተሰብና የውርስ ክርክሮች ደግሞ በአብዛኛው የክልል ጉዳዮች ናቸው። የጠበበው በርም በትክክል የእነዚሁ ነው።

2. በሩ እንዴት ጠበበ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(3) የሰበርን ሥልጣን ለሁለት ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በክልል ጉዳዮች ላይ የተሰጠውን ያርማል። «ማናቸውም» የሚለው ቃል በክልሉ ሰበር ያለቀውን ጉዳይም ይጨምር እንደሆነ ምሁራን ብዙ ተከራክረውበታል። ሙራዱ አብዶ በሚዛን ሎው ሪቪው የመጀመሪያ ቅጽ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ጥያቄውን በስፋት አንስቶታል። በተግባር ግን «የሰበር ሰበር» የተለመደ መንገድ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ደግሞ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አደረገ።

አዋጅ ቁጥር 1234/2013 አስገዳጅነቱን አላነሳም። ሆኖም በአንቀጽ 10 በክልል ጉዳይ የተሰጠ የመጨረሻ ውሳኔ በፌዴራሉ ሰበር የሚታየው የሕዝብ ጥቅምን የሚመለከትና አገራዊ ፋይዳ ያለው ሲሆን ነው አለ። እንግዲህ በሁለት ወንድማማቾች መካከል ስላለ የማሳ ድንበር አቤቱታ የሚጽፍ ጠበቃ ስህተቱን ማሳየት ብቻ አይበቃውም። ጉዳዩ ከሁለቱ ወንድማማቾች አልፎ አገርን የሚመለከተው በምን እንደሆነም ማስረዳት አለበት። ይህን ማስረዳት ካልቻለ የክልሉ ሰበር ያለው የመጨረሻ ነው።

3. ሶዶ ላይ ሊነበቡ የሚገባቸው ውሳኔዎች

የመጀመሪያው በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የተሰጠውና በቅጽ 5 የታተመው ነው። ክርክሩ የተነሳው ከቀድሞው የደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች ነበር። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያሳደገች አክስትና ልጄ ይመለስልኝ ያለ አባት ተሟገቱ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ሕጉን ተከትለው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ፤ የወላጅነት መብት ከሕፃኑ ጥቅም እንደማይቀድምም አሰመረበት። እናትና አባት የሞቱበትን ወይም የተሰደዱበትን ልጅ አያትና አክስት በሚያሳድጉበት አካባቢ ይህ ውሳኔ ዛሬም ሕያው ነው። ለጠበቃው ግልጽ ትምህርት ይሰጣል፦ ማስረጃው ልደትን ብቻ ሳይሆን የልጁን ኑሮ፣ ትምህርትና ስሜት ማሳየት አለበት።

ሁለተኛው መዝገብ ቁጥር 21448 ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ተወስኖ በቅጽ 4 ታትሟል። ችሎቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1723 ተርጉሞ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል ከረቂቅነት እንደማያልፍ ወሰነ። ኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ግን ሻጩ ውሉን ያመነበት ሁኔታ ተለይቶ ታይቷል። በሶዶ፣ በአረካ ወይም በቦዲቲ በሽማግሌ ምስክርነት የተፈረመ የመንደር ውል ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ነው። ጠበቃው በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «ሻጩ ውሉን ይክዳል?» የሚለውን ነው። መልሱ የክርክሩን መንገድ ይለውጣል።

ሦስተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አቋም ነው። ምክር ቤቱ የገጠር መሬትን በወለድ አገድ የሚያስተላልፍ ውል ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) ጋር እንደሚጋጭ፣ ባለይዞታውም መሬቱን እንዳያስመልስ በይርጋ ሊታገድ እንደማይገባ ወስኖ የሰበርን ውሳኔ ሽሯል። በይርጋ ተሸንፌያለሁ ብሎ ተስፋ የቆረጠ ገበሬ ጉዳይ በዚህ ውሳኔ መነጽር እንደገና መታየት ይኖርበታል።

4. ጭብጥ፦ ይግባኝ የሚሸነፍበት ቦታ

አንድ ጉዳይ እናስብ። በዳሞት ጋሌ ባሏ የሞተባት ሴት ሩብ ሄክታር መሬት ከጎረቤቷ እንዲመለስላት ከሰሰች። ጎረቤቱ መሬቱን ከሟች ላይ በገንዘብ አግኝቻለሁ፣ ሙሉ ዋጋውን ከፍያለሁ አለ። የወረዳው ፍርድ ቤት «ገንዘቡ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?» የሚል ጭብጥ ያዘ። ምስክሮች ተሰሙ፤ መከፈሉ ተረጋገጠ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። በይግባኙም ክርክሩ በገንዘቡ ላይ ቀጠለ፤ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸናው። በጸና ውሳኔ ላይ ሁለተኛ ይግባኝ የለምና የቀራት ሰበር ብቻ ነው።

እዚህ ክርክር ውስጥ ማንም ያላነሳው ጥያቄ አለ፦ መሬትን በገንዘብ የሚያስተላልፍ ውል በሕግ ፊት ይጸናል ወይ? ይህ ጥያቄ ተይዞ ቢሆን ገንዘቡ ተከፈለ አልተከፈለ ክርክሩን ባልቋጨው ነበር። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 251 ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ጭብጥ እንዲሻሻል ወይም እንዲጨመር ይፈቅዳል። የአዋጅ 1234 አንቀጽ 2(4)ም ተገቢውን ጭብጥ አለመያዝን ወይም ከክርክሩ ጋር የማይገናኝ ጭብጥ መያዝን ከመሠረታዊ የሕግ ስህተቶች ይቆጥራል። ይሁንና በሰበር ሊታረም ይችላል ብሎ በወረዳ መታረም ያለበትን መተው ሴትየዋን ለዓመታት ማንከራተት ነው።

የምስክር ቃል አመዘጋገብም የዚያኑ ያህል ይመዝናል። ምስክር በወላይትኛ የተናገረው በአማርኛ ሲመዘገብ «መሬቱን ሰጠው» የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ሊቀር ይችላል። ሸጠለት፣ አከራየው፣ በስጦታ ሰጠው ወይስ አደራ አለው? ይግባኝ ሰሚው የሚያነበው መዝገቡን እንጂ ምስክሩን አይሰማም። ጠበቃው እዚያው ችሎት ላይ የማጣሪያ ጥያቄ ካላስጠየቀ ብዥታው እስከ ሰበር አብሮት ይሄዳል።

የጊዜ ገደቡም ይቅርታ አያውቅም። የይግባኝ ማመልከቻ ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 323)። የጠበቃ ቸልተኝነት ደግሞ ለማስፈቀጃ በቂ ምክንያት አይሆንም (አንቀጽ 326)። ስህተቱ የእኛ፣ ኪሳራው የደንበኛው ነው።

5. ያልታተመ ውሳኔ

የፌዴራሉ ሰበር ውሳኔዎች በተከታታይ ቅጾች ስለታተሙ በሶዶ ያለ ጠበቃ፣ የወረዳ ዳኛና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ እኩል ያነቧቸዋል። የክልል ይግባኝ ውሳኔ ግን በአብዛኛው ከተከራካሪዎቹ መዝገብ ተሻግሮ ለሌላ ሰው አይደርስም። የፌዴራሉ በር ሰፊ በነበረ ጊዜ ይህ ጉድለት በመጠኑ ይሸፈን ነበር። ዛሬ አይሸፈንም። በአንድ ዓይነት ፍሬ ነገር ላይ ሁለት ችሎቶች ሁለት ዓይነት ቢወስኑ ልዩነቱን ማን አይቶ ያርመዋል?

ወላይታ ለአደባባይ ፍርድ እንግዳ አይደለችም። በዱቡሻ ጉባኤ ሽማግሌዎች ግራ ቀኙን የሚሰሙት ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው። ታዳሚው ፍርዱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይዞ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ክርክርም ያነሳዋል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 182 ፍርድ ጭብጡንና ምክንያቱን እንዲይዝ ሲያዝ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ምክንያቱ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ከቀረ ግን ከተከራካሪዎቹ በቀር ማንም አይማርበትም።

6. ማጠቃለያ

የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያንስ የሰበር ውሳኔዎቹን፣ የተከራካሪዎችን በተለይም የሕፃናትን ማንነት በመሸፈን፣ በየዓመቱ ቢያሳትም ለክልሉ ፍትሕ ትልቅ መሠረት ይጥላል። የሕግ ትምህርት ቤቱ በማጠናቀርና በመተንተን ሊያግዝ ይችላል። እኛ ጠበቆችም ኅትመቱን ሳንጠብቅ የምናገኛቸውን ግልባጮች በጭብጥ ለይተን ማኖርና መለዋወጥ እንችላለን። ያቺ የዳሞት ጋሌ ሴት የከሰሰችው የምትበላበትን መሬት ነው። ከእርሷ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳይ እንዴት እንደተወሰነ ጠበቃዋ የሚያውቅ ከሆነ፣ ትክክለኛው ጥያቄ ገና በወረዳው ችሎት ይነሳላታል።