የክረምት ትምህርትና የወላጆች ቀን በጋምቤላ

በጋምቤላ ክረምት ሲገባ የባሮ ወንዝ ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል። የገጠር ትምህርት ቤቶችም የወላጆችን ቀን አክብረው፣ ጎበዝ ተማሪዎችን ሸልመው ይዘጋሉ። ይሁን እንጂ ክረምቱ ራሱ የትምህርት ወቅት የነበረበት ዘመንም ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከከተማ ወደ ገጠር ሲዘልቅ፣ የገበሬ ማኅበራት የማስተማሪያ ጣቢያዎችን በማቋቋም ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። በጣት አሻራው ይፈርም የነበረ ገበሬ ስሙን ለመጻፍ በቃ። ሆኖም ዘመቻው ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል የአኙዋክና የኑዌር ቋንቋዎች አልነበሩም። በመሆኑም አማርኛ የማይሰማ የባሮ ዳር ገበሬ ፊደሉንም ቋንቋውንም ባንድ ጊዜ መማር ግድ ሆኖበት ነበር።

ችግሩ መቃለል የጀመረው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚማሩበትን መንገድ ከከፈተ በኋላ ነው። የአኙዋክ፣ የኑዌርና የመዠንግር ቋንቋዎች ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገቡ። በወላጆች ቀን ልጅ በቋንቋው ሲያነብ፣ ያልተማረች እናቱም የሚለውን ትሰማለች፤ በዓሉ የእርሷም ይሆናል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራትም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። መተዳደሪያ ደንቡንና የሒሳብ መዝገቡን ራሱ አንብቦ የሚጠይቅ አባል የማኅበሩ የመጀመሪያ ሀብት ነውና።