ከቢሮ ቅጽ የተቆረጠ ሥዕል

ናዚዎች ብዙዎችን ከመግደላቸው በፊት ይመዘግቧቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 መገባደጃ ላይ በቼክ ምድር፣ በቴሬዚን ከተማ ያቋቋሙት የአይሁዶች ማጎሪያ ያለ ወረቀት የሚንቀሳቀስ አልነበረም። የመጣው ሰው በስም ዝርዝር ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚጫነውም በስም ዝርዝር ይወጣል። ያገለገለ የቢሮ ቅጽ ግን ሕፃናት እጅ ሲገባ ሌላ ነገር ሆነ፤ ተቆርጦና ተለጥፎ የሚሠራ ሥዕል፣ ማለትም ኮላዥ።

መምህርታቸው ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ትባላለች። በ1898 ቪየና የተወለደች ሠዓሊ ናት፤ በቫይማር ታዋቂው የባውሃውስ ትምህርት ቤት ተምራለች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፎቶግራፍና የታተመ ጽሑፍ እየቆራረጠች ፖለቲካዊ ፖስተር ትሠራ ነበር። በ1934 ቪየና ውስጥ ታስራ ስትፈታ ወደ ፕራግ ተሰደደች። በዲሴምበር 1942 ከባሏ ከፓቬል ጋር ወደ ቴሬዚን ስትጋዝ የሥዕል ዕቃዋን ይዛ ሄደች።

በማጎሪያው መደበኛ ትምህርት የተከለከለ ነው። ሥዕል ግን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ስለሚታይ ይታለፋል። ፍሪድል በዚህች ቀዳዳ ገባች። ኮላዥ ደግሞ ለቦታው የሚስማማ ነበር፦ ቀለም ሲያልቅ ወረቀት አለ፤ እጁ ለመሣል ያልተፍታታ ልጅም ቆርጦ መለጠፍ አያቅተውም። ዓላማዋ ሠዓሊ ማፍራት አልነበረም፤ ልጆቹ ራሳቸው አይተው፣ ራሳቸው መርጠው እንዲሠሩ ነበር። አንድ ነገር ግን አጥብቃ ትጠይቃለች፦ እያንዳንዱ ልጅ በሥራው ላይ ስሙን እንዲጽፍ።

በ1944 መጸው ፓቬል ተጫነ። እሷም ልትከተለው ፈልጋ በፈቃዷ ተመዘገበች፤ በኦክቶበር ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች። ፓቬል ተረፈ።

ከልጆቹ አብዛኞቹ አልተረፉም። ወደ 4,500 የሚጠጉ ሥራዎቻቸው ግን በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ቆዩ። በ1945 ከማጎሪያው የተረፈው ቪሊ ግሮግ ፕራግ አድርሶ ለአይሁድ ማኅበረሰብ አስረከባቸው፤ ዛሬ በከተማዋ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ።

ሥዕል ማንንም ከባቡሩ አላወረደም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም በጦርነት መሐል ለሕፃናት ሥዕል ማስተማር ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ቴሬዚን መልስ አላት። ገዳዮቹ ስም የሚጽፉት ሊያጠፉት ነበር። መምህርቷ ያስጻፈችው ስም ግን ዛሬም ይነበባል፤ ያውም በቢሮ ወረቀት ላይ።