ማክሰኞና ቅዳሜ የሚዘጋው በር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካይሮ ከተማ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ለማንም እንግዳ የማይከፈት አንድ በር ነበረ። የቤቱ ባለቤት በፈረንሳይ ቆንስላ የሚሠራው አሰሊን ደ ሸርቪል ነው። አብረውት የሚቀመጡት አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ አረጋዊ ነበሩ። ሁለቱ በሩን ዘግተው መጽሐፍ ቅዱስን ያነቡ ነበር።

አቡ ሩሚ ብዙ አገር ያዩ ሰው ናቸው። ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስንና ሕንድን አይተዋል። ወደ ካይሮ ሲመለሱ በጠና ታመሙ፤ አሰሊንም አስታመማቸው። ከዚህ ትውውቅ ታላቅ ሥራ ተወለደ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መተርጐም።

በዚያ ዘመን በአገራችን ቅዱሳት መጻሕፍት የሚነበቡት በግእዝ ነበር። የአንድምታ መምህራን በአማርኛ ቢያብራሩትም፣ ግእዝ ያልተማረ ገበሬ ወይም ነጋዴ ቃሉን በራሱ ሊረዳው አይችልም ነበር። ሥራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1808 እስከ 1818 ዐሥር ዓመት ወሰደ። ሁለቱ የዐረብኛውን ትርጉም ይዘው ቁጥር በቁጥር፣ በዝግታ ያነቡ ነበር። ነገሩ ሲከብዳቸው ወደ ዕብራይስጡ፣ ወደ ሱርስቱና ወደ ግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ይሄዳሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ለዐሥር ዓመት ማለት አንድ ሺህ ቀን ያህል ነው። ፍጻሜውም 9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ሆነ።

አቡ ሩሚ ግን መጽሐፉ ታትሞ አላዩም፤ ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞቱ። ጽሑፉን በ1820 ዊሊያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ ለብሪታንያና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1840 ታተመ። ሳሙኤል ጎባት የተባለው ሚስዮናዊ የታተሙትን ወንጌላት ይዞ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ፣ የእኚህ አረጋዊ ድካም በገዛ ወገኖቻቸው እጅ ገባ።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንበል። ተርጓሚ ቁጥር ዘሎ አያልፍም። የሚያጽናናውን የተስፋ ቃል እንደሚተረጕም ሁሉ፣ የሚገሥጸውንም መተርጐም አለበት። መዝሙር 23ን እንደ ጻፈ፣ ስለ ጠላት ፍቅር የተነገረውንም በማቴዎስ 5 ይጽፋል። ያልገባውን ቃል ደግሞ ሊጽፈው አይችልም፤ እስኪገባው ድረስ ይቀመጣል።

እኛስ? የሞባይል ስልካችን በብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ይዟል። አቡ ሩሚ ያላገኙት ቅለት በኪሳችን አለ። ነገር ግን የምንወደውን ጥቅስ መርጠን ለጓደኛ ልከን፣ የሚነካንን ምዕራፍ በጣታችን አሳልፈን እንሄዳለን። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጥቅስ ሊያውቅ ይችላል፤ እግዚአብሔር ሲናገረው ግን መስማት ያቅተዋል፤ የሚሰማውን አስቀድሞ ራሱ መርጧልና።

ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ 8 የዘሪውን ምሳሌ ሲፈታ፣ በድንጋይ ላይ የወደቀው ዘር ቃሉን በደስታ የተቀበሉትን እንደሚያመለክት አስተምሯል። ስለዚህ በጉባኤ መደሰትና ማልቀስ ብቻውን ቃሉን ለመቀበላችን ማስረጃ አይሆንም። መልካሙ መሬት ሰምቶ የሚጠብቅ፣ በትዕግሥትም የሚያፈራ ልብ ነው። በነህምያ 8ም ሌዋውያን የሕጉን ቃል እያነበቡ ትርጉሙን ያስረዱ ነበር። ሕዝቡ ያለቀሰው ቃሉን ሲሰማ ነው፤ ደስ ያለው ደግሞ የተነገረውን ስላስተዋለ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሩብ ዓመት ከወንጌላት አንዱን እንምረጥ። በሳምንት ሁለት ቀን የጽሞና ጊዜ ወስነን፣ ስልካችንን ዘግተን፣ ጥቂት ቁጥር ብቻ እናንብብ። ያነበብነውን ለእናታችን ወይም ለታናሽ ወንድማችን በራሳችን ቃል መንገር እስክንችል ድረስ ወደሚቀጥለው አንለፍ። የሚከብደን ቁጥር ሲያጋጥመንም አንዝለለው፤ ጌታ ሊያናግረን የፈለገው በእርሱ ሊሆን ይችላልና።