እያጠረ የመጣው የኬዳርናት መንገድ

መኪና ጋውሪኩንድ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር፣ በበቅሎ ወይም በሰው ጀርባ ነው። ከዚህች የሰሜን ህንድ መንደር ተነስቶ ኬዳርናት የሚባለው የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ለመድረስ 16 ኪሎ ሜትር ዳገት መውጣት ያስፈልጋል። መንደሯ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ መቅደሱ 3,580 ሜትር አካባቢ ነው። ጉልበት ያለው ሰው ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል። ጉልበት የሌለው በቅሎ ይከራያል፣ ወይም አራት ሰዎች በሚሸከሙት ወንበር ይወጣል፣ ካልሆነም አንድ ሸክመኛ በጀርባው ባዘለው ቅርጫት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሄዳል። ገንዘብ ያለው በሄሊኮፕተር በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል።

የዚህን ቦታ ታሪክ ሳነብ ከመቅደሱ ይልቅ የያዘኝ መንገዱ ነው። ርዝመቱ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ እያንዳንዱ ለውጥም የሆነ ሰው ሕይወት ላይ አርፏል።

ነገሩ የሚጀምረው ከግድያ ነው። በማሃባራታ ታሪክ አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች ታላቁን ጦርነት ያሸንፋሉ፤ ያሸነፉት ግን የአጎታቸውን ልጆችና ያስተማሯቸውን ሰዎች ጨርሰው ነው። ዙፋኑ በእጃቸው ገባ፣ ደሙም አብሮ። ይቅርታ ፍለጋ ወደ ሺቫ ሄዱ። ሺቫ ደግሞ ዓይናቸውን ማየት አልፈለገም። የጋርዋል ተራሮች ሰዎች እንደሚያወሩት ሸሽቶ ወደ እነሱ አገር መጣ፤ ጉፕትካሺ የምትባለው ከተማ ስሟ «የተደበቀችው ካሺ» ማለት ነው፣ እዚያ ተሸሽጎ ነበር ይላሉ። ሲከተሉት በሬ ሆኖ ከከብት መንጋ ተቀላቀለ። ከወንድማማቾቹ ጉልበተኛው ቢማ አንድ እግሩን በአንዱ ተራራ፣ ሌላውን በሌላው ላይ አንፈራጦ ቆመ። ከብቱ ሁሉ በእግሮቹ መሃል ሲያልፍ አንዱ በሬ እምቢ አለ። አምላክ እንዴት በሰው እግር ስር ያልፋል? በዚህ ታወቀበት። በሬው መሬት ውስጥ መስመጥ ሲጀምር ቢማ ዘሎ ሻኛውን ጨበጠ። ሻኛው ኬዳርናት ላይ ቀረ፤ የተቀረው አካሉ በሌሎች አራት ቦታዎች ብቅ አለ።

ስለዚህ መቅደሱ ውስጥ የተቀረጸ ምስል ብትጠብቁ፣ የምታገኙት ሾጣጣ የሆነ ያልተጠረበ አለት ነው። ሻኛው ማለት ነው። ተሳላሚው ያንን አለት በንጥር ቅቤ ያሸዋል፣ ያቅፈዋል። ያን ሁሉ ዳገት የወጣው ይሄን ለመንካት ነው።

ቦታውን ያነቃቃው በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ ህንድ የመጣው ፈላስፋ አዲ ሻንካራ እንደሆነ ልማዱ ይናገራል። እዚያው አርፏል ብለውም ከመቅደሱ በስተጀርባ መታሰቢያ አቁመውለታል። ዛሬም ድረስ ዋናው ካህን የሚመጣው ከደቡቡ የካርናታካ ግዛት ነው፤ በሂማላያ በረዶ ስር ላለ መቅደስ አለቃው ከአገሩ ሌላ ጫፍ ይመጣል።

በድሮ ጊዜ ተሳላሚው በእግሩ መሄድ የሚጀምረው ከሜዳው ከተማ ከሃሪድዋር ነበር። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው፣ መሄጃው ብቻ። ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስለነበሩ ላይመለሱ እንደሚችሉ አስበው ነበር ከቤት የሚወጡት። ኮሌራ ነበር፣ ገደል ነበር፣ ብርድ ነበር። ላለመመለስ ብለው የሚመጡም አልጠፉም፤ ከመቅደሱ አጠገብ ባይራብ ጃምፕ ከሚባል ገደል ራሳቸውን የሚወረውሩ አማኞች እንደነበሩ ተመዝግቧል። እንግሊዞች በ1815 አካባቢውን ከያዙ በኋላ ነው ይህን ያስቀሩት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ ግን የራሱ ኑሮ ነበረው። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቻቲ የሚባል ማረፊያ አለ። ባለቤቱ የአገሬው ሰው ነው፤ ለመኝታ አያስከፍልም፣ ድስትና መጥበሻውንም በነጻ ያውሳል። ግዴታው አንድ ነው፦ ዱቄቱን፣ ሩዙን፣ ምስሩንና ቅቤውን ከሱ ሱቅ መግዛት። ብልጥ ንግድ ነው፣ ግን ደግሞ ማንም ውጭ አያድርም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «ጥቁር ብርድ ልብስ ለባሹ» በሚል ቅጽል የሚታወቁ አንድ መናኝ በመንገዱ ላይ የምጽዋት ማረፊያዎችን አስፋፉ፤ ምንም የሌለው ሰው እንኳ እየበላ ይሄድ ጀመር። ዳገቱ ላይ ያሉ መንደሮች ከተሳላሚው ኖሩ፣ ተሳላሚውም ከነሱ።

ይህን ኑሮ ያፈረሰው ሃይማኖት ሳይሆን ጦርነት ነው። በ1962 ህንድና ቻይና በሂማላያ ድንበር ላይ ተዋጉ፣ ህንድ ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ መንግሥት ወታደር ወደ ድንበሩ በፍጥነት ለማድረስ በጋርዋል ተራሮች ውስጥ የመኪና መንገድ በብርቱ መቆፈር ያዘ። ወታደር በተጫነበት መንገድ አውቶቡስም መጣ፣ በአውቶቡስ ደግሞ ተሳላሚ። ሳምንታት የሚፈጀው ጉዞ ወደ ጥቂት ቀናት ወረደ። አውቶቡስ ያለፋቸው ቻቲዎች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የተረፉት በመጨረሻዋ የእግር መንገድ ላይ ያሉት ናቸው። ከነሱ ትልቋ ራምባራ ነበረች፣ ከጋውሪኩንድ ወደ መቅደሱ ስትወጡ አጋማሽ ላይ።

መንገድ ሲያጥር ሰው ይበዛል። ሰው ሲበዛ ሆቴል ይሠራል። ኬዳርናት ከበረዶ ግግር ስር፣ ወንዝ ባመጣው ድንጋይና ደለል ላይ የተቀመጠች ናት፤ በሁለት ወንዞች መሃል። ድሮ መቅደሱና ጥቂት ቤቶች ብቻ የነበሩበት ቦታ በፎቅ ሞላ።

ሰኔ 2013 ላይ ዝናቡ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። በረዶው ገና አልቀለጠም፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተሳላሚው ከነልጆቹ ወጥቷል። እዚያው አካባቢ የተተከለ የሳይንቲስቶች መለኪያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ መዘገበ። በፈረንጆቹ ሰኔ 16 ማታ የመጀመሪያው ጎርፍ ወረደ፤ ራምባራን ጠራርጎ ወሰዳት። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ከመቅደሱ በላይ ያለው የቾራባሪ ሐይቅ ግድቡን ጣሰ። ግድቡ የበረዶ ግግር የተወው የአፈርና የድንጋይ ክምር ነበር። ሐይቁ ለመፍሰስ የፈጀበት ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

በዚያ አደጋ በመላው ኡታራካንድ ግዛት ከ5,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም ደብዛቸው ጠፍቷል። መቅደሱ ግን ቆሞ ተገኘ። ከላይ የተንከባለለ አንድ ግዙፍ አለት ልክ ከበስተጀርባው መጥቶ ቆመና ጎርፉን ለሁለት ከፈለው። ሰዉ ወዲያው ስም አወጣለት፦ ቢም ሺላ፣ የቢማ ድንጋይ። ሻኛውን የጨበጠው ያው ቢማ ማለታቸው ነው። አማኙ ተአምር ነው ይላል፤ እኔ አልከራከርም። ከአለቱ ጀርባ ያልነበሩት ሰዎች ግን ሁሌ ትዝ ይሉኛል።

የሚገርመው፣ ጎርፉ መንገዱን አረዘመው። የድሮው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ነበር። ከራምባራ በላይ ያለው ክፍል ስለጠፋ አዲሱ በወንዙ ማዶ ዞሮ ተሠራ፣ 16 ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ ኬዳርናት ለመጀመሪያ ጊዜ ራቀች።

ሰው ይቀንሳል ብላችሁ እንዳታስቡ። በ2024 ብቻ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ተሳላሚ ወጣ፤ በዚያው ክረምት ዶፍ ዝናብ መንገዱን እንደገና ቆረጠው። ሄሊኮፕተሮቹ ጭጋግ በሚወርድበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይመላለሳሉ፤ በ2022 አንዱ ወድቆ ሰባት ሰው ሞተ፣ በ2025 ሌላው ወድቆ ሌላ ሰባት። በሰዓታት ውስጥ ከሜዳ ወደ ቀጭን አየር የሚወጡ አዛውንቶች ደግሞ በየዓመቱ በልብ ድካም ይሞታሉ። የድሮዎቹ በእግር ሲመጡ ሰውነታቸው ከፍታውን ቀስ በቀስ ይለምደው ነበር።

በመጋቢት 2025 የህንድ መንግሥት ካቢኔ ለኬዳርናት የኬብል መኪና አጸደቀ። 12.9 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወጪው ወደ 41 ቢሊዮን ሩፒ። ስምንት ዘጠኝ ሰዓቱ 36 ደቂቃ ይሆናል። ጉልበቷ ለታመመ እናት ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ መካድ አይቻልም። የበቅሎ ነጂውና የኔፓሉ ቅርጫት ተሸካሚ ግን የዓመት እንጀራቸው ያለው በነዚያ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ነው። እነሱም የቻቲ ባለቤቶቹ ዕጣ እየደረሳቸው ይመስለኛል።

በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ መቅደሱ ለስድስት ወር ይዘጋል። ያን ቀን አምላኩን የሚወክለው ምስል በአበባ ባሸበረቀ ወሳንሳ ላይ ይቀመጥና ወደ ክረምት ቤቱ ወደ ኡኪማት ይወርዳል። ተሸካሚዎቹ ሄሊኮፕተር አይጠሩም። በመንገድ ላይ ሁለት ሌሊት ያድራል፤ አንዱን ራምፑር፣ ሌላውን እዚያው ድሮ ተደበቀባት በተባለችው ጉፕትካሺ። የመንደሩ ሰው ደጁ ላይ ወጥቶ ይጠብቀዋል።