ከእሳት የተረፈው ግልባጭ

በ1695 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በነሐሴ ወር አጋማሽ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ጦር፣ በማርሻል ቪልርዋ አዛዥነት ብራስልስን በመድፍ ሲደበድብ፣ ወደ 4,000 የሚጠጋ ቤት በወደመበት በዚያ መዓት፣ መድፈኞቹ ያነጣጠሩበት የከተማው ሸንጎ አዳራሽ ግንብ ቆሞ ሲቀር ውስጡ ግን ነደደ፤ ዳኞቹም ሁለት መቶ አምሳ ዓመት ያህል በችሎት አዳራሻቸው ሲያዩአቸው የኖሩት አራቱ የሠዓሊው የሮጊር ፋን ደር ቬይደን የሥዕል ሰሌዳዎች አመድ ሆኑ።

በፍላንደርስና በብራባንት ከተሞች የዐውደ ፍርድ ሥዕል ከጌጥነቱ ይልቅ ተግሣጽነቱ ይበልጥ ነበር። በብሩዥ ጄራርድ ዳቪድ በ1498 የፈጸመው ሥዕል፣ በጉቦ ፍርድ ያጣመመ ዳኛ በቁሙ ቆዳው ሲገፈፍ፣ ልጁም የአባቱ ቆዳ በተነጠፈበት ወንበር ላይ ለዳኝነት ሲቀመጥ ያሳያል። ከሁሉ የገነነው ግን የብራስልሱ ነበር፤ ከሰሌዳዎቹ በአንዱ ላይ 1439 የሚል ዓመት ይነበብ ነበር፤ ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዲውረርም በ1520 ሊያያቸው ሄዷል።

ሁለቱ ሰሌዳዎች የሮማውን ቄሣር ትራያኖስን ይመለከቱ ነበር፤ ይኸውም ለዘመቻ ሲገሠግሥ ልጇ የተገደለባት መበለት አቁማው ፍርድ የሰጣት፣ ከዘመናትም በኋላ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ስለ ነፍሱ ሲማልድ፣ እውነት የፈረደበት ምላሱ በራስ ቅሉ ውስጥ ሳይበሰብስ ተገኘ የሚባልለት ነው። የቀሩት ሁለቱ ሄርኪንባልድ የተባለውን ፈራጅ የሚመለከቱ ነበሩ፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው መነኩሴ ቄሣርዮስ ዘሃይስተርባኽ እንደ ጻፈው፣ ሄርኪንባልድ በጽኑ ታሞ ተኝቶ ሳለ የእኅቱ ልጅ ሴቶችን መድፈሩን ሰምቶ በሞት እንዲቀጣ አዘዘ፤ ሹማምንቱ ግን ወጣቱን ፈርተው ደብቀውት፣ ትእዛዝህ ተፈጽሟል ብለው ዋሹት። ከቀናት በኋላ ልጁ የአጎቱ ቍጣ በርዶ ይሆናል ብሎ በበሩ ብቅ ሲል፣ በሽተኛው በለዘበ ቃል ጠርቶ አቀረበው፤ ጠጕሩንም ይዞ በቢላዋ ጕሮሮውን ወጋው። ለመሞት ሲቃረብ ለኤጲስ ቆጶሱ ኃጢአቱን ሁሉ ሲናዘዝ ይህን ግድያ አልጠቀሰም፤ ቢጠየቅም ፍርድ እንጂ ኃጢአት አይደለም አለ። ቅዱስ ቍርባን ተከለከለ። ኤጲስ ቆጶሱ ከወጣ በኋላ ግን አስመልሶት፣ ሙዳይህን ተመልከት ቢለው ባዶ ሆነ፤ ቍርባኑም በሕመምተኛው አፍ ውስጥ ታየ።

ሰውየውን የብራባንት መስፍን የሚያደርጉት አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ስሙን ከፈረንሳዩ የቡርቦን ጌቶች ስም ጋር ያያይዙታል። የሁለተኛው ወገን አስተያየት ይመዝናል፤ ከተሞች የሌላውን ጻድቅ የራሳቸው ማድረጋቸው የተለመደ ነውና። በፍርዱ ረገድ ግን፣ ተአምሩን ለእምነት ትተን፣ ያለ ችሎት በቢላዋ የተፈጸመ ቅጣት ለዳኛ አርአያ መባሉ ከኤጲስ ቆጶሱ ጎን ለመቆም ያስገድዳል።

ሰሌዳዎቹ ቢጠፉም ይህን ሁሉ ዛሬ በዓይን የምናየው፣ ሠዓሊው በሕይወት በነበረበት ዘመን በሱፍና በሐር ለተሠራው መጋረጃ ምስጋና ይግባውና ነው። የሎዛን ጳጳስ የዦርዥ ደ ሳሉስ አርማ አለበት፤ ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል ያህል፣ ወርዱ ከ10 ሜትር በላይ ነው። የስዊስ ከተማ የበርን ሰዎች በ1536 ሎዛንን ሲይዙ ወደ ከተማቸው ወሰዱት።

ሸማኔ የቀለም ሥራን ምን ያህል በታማኝነት ሊገለብጥ ይችላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ነገር ግን ካርዲናል ኒኮላስ ዘኩዛ በ1453 ለመነኮሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ ዓይኑ ተመልካቹን በሄደበት ሁሉ የሚከተል የሮጊር ሥዕል በብራስልስ ችሎት እንዳለ ያወሳል፤ በመጋረጃውም በጎርጎርዮስ ትዕይንት ሰዎች በተአምሩ ተጠምደው ሳሉ ከመካከላቸው አንዱ ፊቱን ወደ እኛ መልሷል። ይህ የሠዓሊው የራሱ መልክ ነው የሚሉት ወገኖች፣ የካርዲናሉን ያህል የቀረበ ምስክር ስላላቸው ያሳምናሉ።

ዛሬ በቻይና በሸንጀን ከተማ ዳፈን በሚባለው ሰፈር የታላላቅ ሥዕሎችን ግልባጭ በእጅ እየሣሉ የሚሸጡ ሠዓሊዎች ሞልተዋል፤ የጥንት የፍርድ ቤት ሥዕል በእጅ አስገልብጦ ቢሮውን ለማስጌጥ የሚሻ ጠበቃም አይቸገርም። ገልባጭን መናቅ ልማዳችን ቢሆንም፣ በብራስልስ ጉዳይ ዋናው የለም፤ ያለው ግልባጩ ነው፤ እርሱም በበርን የታሪክ ሙዚየም ይገኛል።