የውሰት ሽንት ቤት

በማርች 2020 የአሜሪካ ከተሞች በኮሮና ምክንያት ቡና ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የገበያ አዳራሹን ሲዘጉ ሽንት ቤቱም አብሮ ተዘጋ። ሥራው ውጭ ያዋለው ሰው የሚገባበት አጣ። ከተሞቹ ለካስ የራሳችን የሚሉት የሕዝብ መጸዳጃ እዚህ ግባ የሚባል አልነበራቸውም። ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ነገሩ የኖረው በውሰት ነው፤ መጀመሪያ ከመጠጥ ቤት፣ ቀጥሎ ከትልልቅ መደብሮች፣ ከዚያ ከነዳጅ ማደያ፣ በመጨረሻም ከቡና ቤት። ባለቤቱ በሩን የዘጋ ዕለት ተዋሹ ሜዳ ላይ ቀረ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ መነሻም ራሱ ወረርሽኝ ነው። ኮሌራ በ1832 ኒውዮርክ ገብቶ ወደ 3,500 ሰው ፈጀ፤ በ1849 ተመልሶ ከ5,000 በላይ ወሰደ። በዚያ ዘመን ድሃው የሚኖርባቸው የኪራይ ቤቶች ሽንት ቤታቸው ጓሮ ነበር፤ ጣውላ የተመታበት ጎጆ፣ ከሥሩ ጉድጓድ፣ ለብዙ አባወራ አንድ። ጉድጓዱ ሲሞላ በሌሊት በጋሪ የሚያወጡ ሠራተኞች ነበሩ። ዝናብ ግን ጋሪ አይጠብቅም፤ ሞልቶ የፈሰሰው ሰው ወደሚኖርበት ምድር ቤት ይወርዳል። በ1866 ኮሌራ አውሮፓን እንደገና እያመሰ መሆኑ ሲሰማ የኒውዮርክ ግዛት ሕግ አውጪዎች ሜትሮፖሊታን የጤና ቦርድ የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። የቦርዱ ተቆጣጣሪዎች በየጓሮው እየገቡ ጉድጓድ አስጠረጉ፣ ፀረ ተሕዋስ አስረጩ፤ የዚያ ዓመት ኮሌራም ከቀደሙት ጋር ሲነጻጸር የገደለው ጥቂት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ አስተር ፕሌስ በተባለው አደባባይ ላይ የሕዝብ ሽንት ቤት ቆመ። ከተማዋ ያን ጊዜ ከ900,000 በላይ ነዋሪ ነበራት።

የቀረው ሕዝብ የሚሄድበትን ያውቅ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በትልልቆቹ ከተሞች መጠጥ ቤት የሌለበት ማዕዘን ማግኘት ያስቸግር ነበር። ጋሪ ነጂውም ቀን ሠራተኛውም ጎራ ይላል፣ አምስት ሳንቲም ከፍሎ ቢራውን ይጠጣል፣ በጓሮ በር ዞሮ ጉዳዩን ፈጽሞ ይወጣል። ሽንት ቤቱ በነጻ ነው ይባል እንጂ ሒሳቡ ቢራው ላይ ነበር፤ ይባስ ብሎ ያው ቢራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰውየውን ወደሚቀጥለው መጠጥ ቤት ይነዳዋል። ክብሯን የምትጠብቅ ሴት ግን መጠጥ ቤት አትገባም። ለሴቶች የተከፈተው በር የመደብሮች ነው። እንደ ቺካጎው ማርሻል ፊልድ ያሉ ቤቶች ለሴት ደንበኞቻቸው ማረፊያና መጸዳጃ አዘጋጁ፤ ዓላማውም ገበያተኛዋ ቶሎ ወደ ቤቷ እንዳትመለስ ነው። በሩ የተከፈተው ለገዢ ስለሆነ ልብስ አጣቢዋና የቤት ሠራተኛዋ የታሰቡበት አይደለም።

ከተሞች በራሳቸው ገንዘብ መጸዳጃ ይሥሩ ብለው ከተነሡት መካከል የመጠጥ ተቃዋሚዎች ይገኙበታል። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ ሰውየውን ከመጠጥ ቤት ማስወጣት የፈለገ መጀመሪያ የሚሸናበት ይስጠው። በ1897 የኒውዮርክ ከንቲባ ያቋቋመው ኮሚቴ ስለ ሕዝብ መታጠቢያና መጸዳጃ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የሚያህል ሪፖርት አወጣ። በሪፖርቱ ላይ መጸዳጃ ቤቱ የተጠራው «የምቾት ጣቢያ» ተብሎ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ቤት በስሙ መጥራት ይተናነቀዋል፤ ዛሬም «ማረፊያ ክፍል» ወይም «መታጠቢያ ክፍል» ነው የሚለው፣ የሚያርፍበትም የሚታጠብበትም ባይኖር። አማርኛም «ውጭ ልውጣ» እያለ ዳር ዳር ማለቱ አልቀረም፤ ቤቱን ግን ሽንት ቤት ብሎ ይጠራዋል። በስሙ ለመጥራት የሚታፈርበትን ነገር በበጀት ስብሰባ ላይ ማንሳት ደግሞ የባሰ ያሳፍራል፤ የአሜሪካ ምክር ቤቶች ጉዳዩን ከዓመት ዓመት ያሳደሩት አንድም በዚህ ነው።

በ1918 መኸር፣ በኢትዮጵያ «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አሜሪካንም ፈጃት። ፊላደልፊያ በሴፕቴምበር 28 ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ቦንድ መሸጫ ትልቅ ሰልፍ አደረገች፤ በሽታው ወዲያው ከተማዋን አጥለቀለቃት፤ በኦክቶበር የመጀመሪያ ቀናት ቲያትር ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ ተዘጋ። የጓሮው ሽንት ቤትም ከመጠጥ ቤቱ ጋር ተቆለፈ። ይህ የጥቂት ሳምንት ነገር ነበር። በጃንዋሪ 1920 የመጠጥ ክልከላ በመላው አገሪቱ በሥራ ላይ ሲውል ግን ያ በር ለ13 ዓመት ተዘጋ። ከተሞች ጉድለቱ ይበልጥ የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ በየአደባባዩ ሥርና በየመናፈሻው ተጨማሪ መጸዳጃ ማሠራት ያዙ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ አጦችን አሰማርቶ በገጠር ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ የጉድጓድ ሽንት ቤት አሠራ። አሜሪካ መጸዳጃን የመንግሥት ሥራ አድርጋ የቆጠረችበት ዘመን ቢኖር ይኸው ነው።

ዘመኑ አጭር ነበር። መኪና በየቤቱ ሲገባ አዲስ አዋሽ መጣ፤ የነዳጅ ማደያ። ነዳጁ ከማደያ ማደያ ስለማይለይ ኩባንያዎቹ ደንበኛ ይሻሙበት ከነበረው አንዱ የሽንት ቤት ንጽሕና ሆነ። ቴክሳኮ በ1938 «የተመዘገበ ሽንት ቤት» የሚል ዘመቻ ከፍቶ «ነጭ ጓድ» ያላቸውን ተቆጣጣሪዎች በነጭ መኪና በየማደያው አዞረ።

ይህ ሁሉ ንጽሕና ግን ለነጭ ነበር። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር መንገደኛ ነዳጅ ገዝቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ለሽንት ወደ ጫካ ይወርዳል። ከ1936 ጀምሮ ይታተም የነበረው «ግሪን ቡክ» የተባለው የጥቁር መንገደኞች መመሪያ የሚያስተናግዱ ሆቴሎችን፣ ምግብ ቤቶችንና ማደያዎችን በየከተማው ይዘረዝር ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ምንም ያልተጻፈለት ከተማ ከመጣ፣ ውሃ ሳይጠጡ ማለፍ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ይህን ልዩነት ከለከለ። ክልከላው ግን እያንዳንዱ በር ላይ አልደረሰም። በጃንዋሪ 3 ቀን 1966 ምሽት፣ በአላባማዋ ተስኪጊ፣ ሳሙኤል ያንግ የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ፣ በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ማደያ ገብቶ ሽንት ቤቱን ልጠቀም አለ። ከማደያው ሠራተኛ ጋር ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ሠራተኛው ተኩሶ ገደለው። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ችሎት በዚያው ዓመት ገዳዩን በነጻ አሰናበተ።

በባቡር ጣቢያና በአውሮፕላን ማረፊያ ያለው ሽንት ቤት ሌላ መልክ ነበረው። በሩ ላይ የሳንቲም ቁልፍ ተገጥሟል፤ አሥር ሳንቲም ሲገባበት ይከፈታል። ሳንቲም ያልያዘ በበሩ ሥር ይሾልካል፤ ወይም ወጪውን ሰው ጠብቆ በሩን ሳይዘጋ ይቀበለዋል። ቁልፉ ያለው በሰገራው ክፍል በር ላይ ብቻ ስለነበር ወንዱ ቆሞ በነጻ ይሸናል፣ ሴቷ ግን ሁልጊዜ ከፋይ ናት። ማርች ፎንግ ዩ የተባሉ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አባል በ1969 በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ የሽንት ቤት መቀመጫ አስቀምጠው በመዶሻ ከሰባበሩት በኋላ ጉዳዩ የአገር ወሬ ሆነ። በ1970 ጥቂት ተማሪዎች የሚከፈልበትን ሽንት ቤት የሚቃወም ማኅበር መሠረቱ፤ የአባልነት ክፍያው 25 ሳንቲም፣ የጋዜጣቸው ስም «ነጻ የሽንት ቤት ወረቀት» ነበር። ቺካጎ በ1973 ከለከለች፣ ካሊፎርኒያ በ1974 ሕግ አወጣች፣ ሌሎችም ተከተሉ።

ፍትሕ ያለበት ድል ነበር፤ ውጤቱ ግን የታሰበው አልሆነም። የተከለከለው ሳንቲሙ እንጂ በሩን መዝጋት አልነበረም። የሳንቲሙ ገቢ ሲቀር ለጽዳት የሚከፍል ጠፋ፤ ጊዜው ደግሞ ከተሞች በዕዳ የተያዙበት፣ ወንጀል የበረታበት ነው። ለፅዳት ሠራተኛና ለዘበኛ ከመክፈል ቁልፍ ማንጠልጠል ይረክሳል። በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የነበሩት መጸዳጃዎች አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ተዘጉ። ከዚያ ወዲህ የተሞከረውም ብዙ አልያዘም። ሲያትል በ2004 በ5 ሚሊዮን ዶላር አምስት ራሳቸውን የሚያጥቡ ሽንት ቤቶች ተከለች፤ አደንዛዥ ዕፅ መውሰጃ ሆኑና በ2008 አምስቱም በኢንተርኔት ጨረታ በ12,500 ዶላር ገደማ ተሸጡ።

የመጨረሻው አዋሽ ቡና ቤት ነው። በኤፕሪል 2018 በአንድ የፊላደልፊያ ስታርባክስ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ሰው ለመጠበቅ ተቀመጡ፤ አንዱ ሽንት ቤት ልጠቀም ሲል ለገዢ ብቻ ነው ተባለ፤ ፖሊስ ተጠርቶ ሁለቱም በካቴና ወጡ። ቪዲዮው አገር ካነጋገረ በኋላ ኩባንያው የገዛም ያልገዛም ሽንት ቤቱን ይጠቀም የሚል መመሪያ አወጣ። የአንድ ኩባንያ ይቅርታ በአሜሪካ ትልቁ የሕዝብ መጸዳጃ መረብ ሆነ ማለት ይቻላል። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ሳን ዲዬጎ ያለ መጸዳጃ መኖር የሚያስከፍለውን አይታለች፤ በ2016 መጨረሻ የጀመረው ሄፓታይተስ ኤ፣ በሰገራ የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ በተለይ መንገድ አዳሪዎችን አጥቅቶ 592 ሰው ይዞ 20 ገደለ። ከተማዋ ያኔ ነው መንገዱን በበረኪና ያጠበችው፣ የእጅ መታጠቢያና ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ያቆመችው።

ኮሮና ሲመጣ እንግዲህ የሚዘጋው አብዛኛው የሰው በር ነበር፤ የመንግሥት የሆነውም አልተረፈም። ፔንሲልቬኒያ በማርች 17 የአውራ ጎዳና ማረፊያዎቿን በሙሉ ዘጋች፤ ለአገሪቱ ምግብና መድኃኒት የሚያመላልሱት የጭነት መኪና ነጂዎች ሲጮኹ በቀናት ውስጥ የተወሰኑትን መልሳ ከፈተች። የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መንገድ አዳሪዎች በሰፈሩበት አካባቢ ያሉ መጸዳጃዎች 24 ሰዓት ክፍት ይሁኑ ብሎ መከረ። የአገሪቱ መንገድና መጠለያ አዳሪ በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ሲቆጠር ከ580,000 በላይ ነበር፤ ክፍት ይሁን የተባለው መጸዳጃ ግን በብዙ ቦታ መጀመሪያውኑ አልተሠራም።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ታክሲና ኡበር ከሚነዱት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ነጂ የሆነ ሰው በአእምሮው ካርታ አለው፤ የትኛው ሆቴል ዘበኛ ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ የትኛው ጋዝ ስቴሽን ቁልፍ ይሰጣል፣ የትኛው የአበሻ ምግብ ቤት «ግባ ወንድሜ» ይላል። ያ ካርታ በአንድ ሳምንት ተፋቀ። ሆቴሉ ጨለመ፤ ምግብ ቤቱ በሩ ላይ ጠረጴዛ ደንቅሮ ምግቡን በከረጢት ማቀበል ያዘ፤ ማደያው መስታወት ላይ «ሽንት ቤት የለም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከቤት ሻይ ሳይጠጡ መውጣት፣ በየሦስት ሰዓቱ ቤት መመለስ ወይም ከመቀመጫ ሥር ባዶ ጠርሙስ መያዝ ብቻ ቀረ፤ ጠርሙሱ ደግሞ ለሴት ነጂ አይሆንም። አሠሪ ለሠራተኛው መጸዳጃ እንዳይከለክል የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1998 በግልጽ አሳውቋል። የኡበር ነጂ ግን በወረቀት ላይ የማንም ተቀጣሪ ስላልሆነ ያ መመሪያ አይደርሰውም።

ነገሩ አደባባይ የወጣው በሌላ በኩል ነው። በማርች 2021 አማዞን ሠራተኞቹ ጠርሙስ ውስጥ ይሸናሉ መባሉን በትዊተር ካደ፤ በኤፕሪል 2 ግን ይቅርታ ጠይቆ ነጂዎቹ መጸዳጃ ለማግኘት እንደሚቸገሩ፣ በኮሮና ጊዜ የሕዝብ ሽንት ቤቶች በመዘጋታቸውም ይበልጥ እንደከበዳቸው አመነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የኒውዮርክ ምክር ቤት ምግብ የሚያመላልሱ ሠራተኞች ምግቡን በሚረከቡበት ቤት ሽንት ቤት እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀ፤ በጃንዋሪ 2022 በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉም ቢሆን ያዘዘው ውሰትን ነው፤ ከተማዋ አንድ መቀመጫ አልጨመረችበትም። በወረርሽኙ መጀመሪያ የተዘጉት የምድር ውስጥ ባቡር መጸዳጃዎች እንደገና መከፈት የጀመሩት በጃንዋሪ 2023 ነው፤ ከ472 ጣቢያዎች መጀመሪያ በዘጠኙ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ስታርባክስ ለሰባት ዓመት ያህል የቆየውን መመሪያ ሽሮ ሽንት ቤቱን መልሶ ለገዢ ብቻ አደረገው።